አጥሩን ሳታጠብቂ ቼክ አትበይ

ልጄ፣ እናትሽ ነግራኛለች። አንቺ ንጉሥና አንድ ሙሉ ግንብ ይዘሽ፣ ልጁ ባዶ ንጉሡን ይዞ፣ ቼክ ስትይው ሲሸሽ፣ ደግመሽ ቼክ ስትይው ደግሞ ሲሸሽ፣ በመጨረሻ ዳኛ ጠርቶ ጨዋታው አቻ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቼዝ በቃኝ ብለሽ ሰሌዳውን አልጋ ሥር ገፍተሽዋል አሉ። አውጪው። የጎደለሽ ጭንቅላት አይደለም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላሳየሽ ነገር ነው፣ እሱም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አጀማመር የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፤ በየስልኩ "በአራት ተራ ማት" የሚል ቪዲዮም አይጠፋም። አጨራረሱን ግን ማስተማር ሰው ይሰለቸዋል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩን ልጆች ሳስተምር ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የምነሳው፤ ሰሌዳው ላይ ያሉት ጠጠሮች ጥቂት ሲሆኑ እያንዳንዱ የሚሠራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኩባው ሆሴ ራውል ካፓብላንካም እንደዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ትምህርት አንቺ ያቃተሽ ይኸው የግንብና የንጉሥ ማት ነው።

ግንብ የምልሽ እናንተ ሩክ የምትሉትን ነው። ቤቶቹን ስጠራ፣ ነጭ ከተቀመጠበት በኩል የግራው ጥግ ኤ1 ነው፤ ወደ ቀኝ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እያልሽ ኤች1 ትደርሻለሽ፤ ቁጥሩ ወደ ላይ እስከ 8 ይወጣል። አግዳሚውን ረድፍ፣ ቋሚውን ዓምድ እለዋለሁ። አንቺ ሁልጊዜ ነጭ ነሽ። ሰሌዳ ሳትዘረጊ ግን አታንብቢው፤ በዓይን ብቻ የተነበበ ቼዝ ሲነጋ ከራስ ውስጥ የለም።

፩። ባዶ ንጉሥ ማሳደድ ነውር አይምሰልሽ።

በድሮው የኛ ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ይህ ምክር አያስፈልግሽም ነበር። መኳንንቱ በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመረ ሰሌዳ ይጫወቱት ስለነበረው ጨዋታ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በዝርዝር ጽፏል። ግንቡና ፈረሱ የሚሄዱት እንደ ዛሬው ነው። ሲጀመር ግን ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፤ ወረራ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። አጨራረሱ ደግሞ ከዛሬው ጭራሽ ይለያል። ጠጠሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም፤ ጨዋታው አቻ ነው። ከንጉሡ ጋር አንድ ትልቅ ጠጠር ብቻ ከቀረ ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማቱ መገኘት አለበት። ተገኝቶም በግንብ ወይም በፈረስ ከሆነ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ የሚሞገሰው ደካማ በሚባሉት ጠጠሮች የጨረሰ ነው።

እና እኔ ዛሬ የማስተምርሽን ቢያዩ እነዚያ መኳንንት ይስቁብን ነበር። ብቻውን የቀረን ንጉሥ፣ ያውም በግንብ! አንቺ የምትወዳደሪው ግን በዛሬው ሕግ ነው፤ በዛሬው ሕግ ባዶ ንጉሥም ማት ይደረጋል፣ በግንብ የተገኘ ነጥብም ከሌላው ነጥብ አያንስም። ባላጋራሽ ጠጠሩ አልቆበትም እጅ ያልሰጠው "ይህችን ልጅ ማን አስተምሯት ታውቀዋለች" ብሎ ነው። መብቱ ነው። አንቺ ማሳየት ነው።

፪። ቆጠራው አያስደንግጥሽ።

በዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ፣ ጠጠር ሳይበላና ወታደር ሳይነቃነቅ ሁለታችሁም 50 50 ተራ ከተጫወታችሁ ተራው የደረሰው ተጫዋች አቻ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ማንም ባይጠይቅ እንኳ በ75 ላይ ዳኛው ራሱ ያቆመዋል። ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው ጠጠር ከተበላበት ነው እንጂ አንቺ ማባረር ከጀመርሽበት አይደለም።

50 ተራ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ግንብና ንጉሥ ባዶ ንጉሥን ከየትኛውም ቦታ ተነስተው፣ ሁሉም ነገር በትክክል ከተሠራ፣ ቢበዛ በ16 ተራ ይጨርሱታል። ማንም ከአንቺ እንዲህ ያለ ጥራት አይጠብቅም፤ በ25 ብትጨርሺው እኔ እሰየው ነው የምልሽ። የሚያልቅብሽ ተራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ ሰዓት የሚበላው ደግሞ ዘዴ አለማወቅ ነው።

፫። በሁለት ግንብ ጀምሪ።

ቀላሉ ይቅደም። ሁለት ግንብ ካለሽ ንጉሥሽ ከቦታው መነሳት አያስፈልገውም። አንዱ ግንብ ረድፉን ይዘጋል፣ ሌላው ቀጥሎ ያለው ረድፍ ላይ ቼክ ይላል፤ ጥቁሩ አንድ ረድፍ ይገፋል፤ ከዚያ የኋለኛው ከፊተኛው አልፎ ቼክ ይላል። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ያደርሱታል።

ሠርተሽ እዪው። ንጉሥሽ ጂ1፣ ግንቦችሽ ኤ4 እና ቢ1፣ ጥቁሩ ንጉሥ ኢ5። አራተኛው ረድፍ ተዘግቷል። የቢ1ን ግንብ ወደ ቢ5 አውጪ፣ ቼክ። ጥቁር ዲ6። የኤ4ን ወደ ኤ6፣ ቼክ። ጥቁር ሲ7። አሁን እጅሽ በልማድ የቢ5ን ግንብ ወደ ቢ7 ሊወስደው ይፈልጋል። እጅሽን ያዢው! ቢ7 ከንጉሡ ጎን ነው፤ ይበላሻል። ልጆቼ ሁሉ የሚወድቁት እዚህች ላይ ነው። የሚደረገው ግንቡን በዚያው በአምስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ ኤች5 ማሻገር ነው። ጥቁር ቢ7 ገብቶ የኤ6ን ግንብ ያስፈራራል፤ እሱንም በረድፉ ላይ ወደ ጂ6 ላኪው። ጥቁር ሲ7 ይመለሳል። አሁን ሁለቱም ግንቦች ከንጉሡ ርቀዋል፤ ኤች7 ቼክ፣ ጥቁር ዲ8፣ ጂ8 ማት።

ሲሻገሩ ግንቦቹ አንዱ ኤች ላይ ሌላው ጂ ላይ እንደቆሙ ልብ በይ። ሁለቱም ኤች ላይ ቢሆኑ የኋለኛው የፊተኛውን ማለፍ አይችልም ነበር።

፬። አንድ ግንብ ብቻ ሲኖርሽ ቼክ ማለት አቁሚ።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ግንብ ሳይነቃነቅ ቆሞ ሳለ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ይዘጋል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ያንን መስመር አይሻገርም። ቼክ ለማለት ስታንቀሳቅሺው ግን በአብዛኛው ይዞት የነበረውን መስመር ለቆ ነው የሚሄደው። ቼክሽ ያስደነግጠዋል፣ እውነት ነው፤ ግን በሩን ከፍተሽ ነው ያስደነገጥሽው። ውድድሩ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ በእያንዳንዱ ቼክ አጥሩን እያፈረስሽ ሌላ ቦታ ስትሠሪ እሱ ወደ መሐል ይመለስ ነበር።

ግንቡን እንደ በረት አጥር፣ ንጉሥሽን እንደ እረኛው ቁጠሪያቸው። አጥር ሮጦ ከብት አያስገባም፤ እረኛም ያለ አጥር አይችለውም። አጥሩ ይቆማል፣ እረኛው ይጠጋል፣ ሲጠጋ አጥሩ ይጠብባል። ቼክ የሚባለው ወይ አንድ ረድፍ ለማሳጣት ወይ ለመጨረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ጩኸት ነው።

፭። በረቱን እያጠበብሽ አሠራሩን ተለማመጂ።

ንጉሥሽን ዲ3፣ ግንብሽን ዲ4፣ ጥቁሩን ኢ5 ላይ አስቀምጪ፤ ተራው የጥቁር ይሁን። የዲ ዓምድና አራተኛው ረድፍ ዝግ ናቸው። ጥቁሩ የቀረው ከኢ እስከ ኤች፣ ከ5 እስከ 8 ነው፤ 16 ቤት። ግንቡ ከአጠገቡ ቢሆንም አይበላውም፤ ንጉሥሽ ይጠብቀዋል።

ጥቁር ኤፍ5። ኢ ዓምድን ለቀቀልሽ ማለት ነው፤ ወዲያው ውሰጂው፣ ግንብ ኢ4። 12 ቤት ቀረው። ጥቁር ኤፍ6። አሁን ግንቡ የሚሻሻልበት ቦታ የለም፣ ስለዚህ ንጉሡ ይጠጋ፤ ዲ4። ጥቁር ተመልሶ ኤፍ5፤ ንጉሥሽ ዲ5፣ አሁንም የግንቡ ጠባቂ ነው። ጥቁር ኤፍ6፤ ግንብ ኢ5፤ 9 ቤት። ጥቁር ጂ6፤ ንጉሥ ኢ6። ጥቁር ጂ7፤ ግንብ ኤፍ5፤ 6 ቤት ብቻ።

ጥቁር ጂ6 መጥቶ ግንቡን አፈጠጠበት። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ግራ ይገባዋል። ግንቡን ካነሳሽው በረቱ ይሰፋል፤ ወደፊት የሚሄድበት ጥሩ ቤት የለም። መልሱ ንጉሥን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ወደ ኢ5 መውሰድ ነው። ወደ ኋላ! ግንቡን አሁንም ይጠብቀዋል፤ ጥቁሩ ግን ተራ ደረሰበትና የግድ መንቀሳቀስ አለበት፤ በየት ቢሄድ ከግንቡ ይርቃል። ይህችን አንድ እርምጃ የገባው ልጅ ቼዝ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ከሃያ የመክፈቻ ብልሃት ትበልጥብኛለች። ጥቁር ጂ7፤ ግንብ ኤፍ6፤ አራት ቤት ቀረ፣ ጂ7፣ ጂ8፣ ኤች7፣ ኤች8። ጥቁር ኤች7፤ ንጉሥ ኤፍ5። ጥቁር ጂ7፤ ንጉሥ ጂ5። ጥቁር ኤች7፤ አሁን ግንብ ኤፍ7፣ ቼክ። ከተነሳን ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ቼክ ነው። ጥቁር ጂ8 ገብቶ ግንቡን ሊበላ ሲል ንጉሥሽ ጂ6 ደርሶ ይጠብቀዋል። ጥቁር ኤች8፤ ግንብ ኤፍ8፣ ማት።

ጥቁሩ በዚህ መንገድ ላይ ሌላ ቤት መርጦ ሊሄድ ይችላል፤ ይሂድ። አንቺ በየተራው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ በረቱን ማጥበብ እችላለሁ? ካልቻልኩ ንጉሤን ማስጠጋት እችላለሁ? ሁለቱም ካልሆነ አንድ ተራ በከንቱ ላሳልፍ?

፮። ፊት ለፊት መፋጠጥን ከማሽኑ ተማሪ።

ሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ የሚባል ስፔናዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ሠራ፤ በ1914 ፓሪስ ላይ ለሰው አሳየው። የመሣሪያው ስም ኤል አሄድሬሲስታ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ገና ሳይሠራ ይህ መሣሪያ በራሱ ቼዝ ይጫወት ነበር፤ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ፣ በንጉሥና በግንብ ባዶ ንጉሥን ማት ማድረግ። ሰው ጥቁሩን ንጉሥ ያንቀሳቅሳል፣ መሣሪያው ይመልሳል፤ ሰውየው ያልተፈቀደ ቤት ከሄደ መብራት በርቶ ያጋልጠዋል። አጭሩን መንገድ አያገኝም፤ ከመጥፎ አነሳስ 50 ተራ የሚያልፍበት ጊዜም ነበር። ነገር ግን ሁልጊዜ ማት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ልጁ ጎንዛሎ የኋለኛውን ሞዴል ለታዋቂው የሒሳብ ሰው ለኖርበርት ዊነር አሳይቶታል።

ይህን የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። ሽቦና ማግኔት ብቻ ያለው ነገር የሠራበት ሕግ ለአንቺ ከካፓብላንካ ይልቅ ይቀርባል። ግንቡ ሲያስፈራሩት በያዘው ረድፍ ላይ ወደ ሩቁ ጫፍ ይሸሻል። ካላስፈራሩት ረድፍ በረድፍ እየተጠጋ ያጥራል። አጥሩ ከጥቁሩ ንጉሥ ጋር ከተጠጋ ደግሞ ንጉሡን ያመጣል። ሁለቱ ንጉሦች በመካከላቸው አንድ ረድፍ ብቻ ሲቀር የጎን ርቀታቸውን ይቆጥራል፤ የምልሽን በቃል ያዢው። በአንድ ዓምድ ላይ ፊት ለፊት ከተፋጠጡና ተራው ያንቺ ከሆነ ግንቡ ቼክ ይላል። የጎን ርቀቱ ጎዶሎ ከሆነ፣ ማለትም 1 ወይም 3 ወይም 5፣ ግንቡ በያዘው ረድፍ ላይ አንድ ቤት ብቻ ፈቀቅ ይላል፤ ዝም ብሎ ተራ ማሳለፍ ነው። ርቀቱ ተጋማሽ ቁጥር፣ 2 ወይም 4 ወይም 6 ከሆነ፣ ንጉሥሽ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ይሂድ።

እንሞክረው። ንጉሥሽ ኢ6፣ ግንብሽ ኤች7፣ ጥቁሩ ዲ8፣ ተራው ያንቺ። ርቀቱ አንድ ነው፣ ጎዶሎ። ግንቡን ወደ ጂ7 ፈቀቅ አድርጊው። ጥቁሩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ታጥሯል፤ ወይ ኢ8 ወይ ሲ8 መሄድ አለበት። ኢ8 ከሄደ ራሱ መጥቶ ከንጉሥሽ ፊት ቆመ፤ ጂ8 ማት። ስለዚህ ይሸሻል፣ ሲ8። ርቀት ሁለት፤ ንጉሥ ዲ6። ወደ ዲ8 ቢመለስ ማት ነው፤ ስለዚህ ቢ8። ንጉሥ ሲ6። ጥቁር ኤ8። ንጉሥ ቢ6። አሁን ሰሌዳው አልቆበታል። ከቢ8 በቀር ቤት የለውም፤ ቢ8 ደግሞ ከንጉሥሽ ፊት ለፊት ነው። ግንብ ጂ8፣ ማት።

ጥቁሩ ሲሸሽ የነበረው ከቼክ ሳይሆን ከፊትሽ ከመቆም ነው። መጀመሪያ ላይ ግንቡን ፈቀቅ በማድረግ ፈንታ ንጉሥሽን ዲ6 ብታመጪው ኖሮ አንቺ ነበርሽ መጥተሽ የተፋጠጥሽው፤ ተራው የሱ ይሆንና ያመልጥሽ ነበር። መፋጠጥ የሚጠቅመው መጥቶ ለቆመው ሳይሆን ሲመጣበት ለጠበቀው ነው።

አስቀድሜ ያሳየሁሽ በረት ፈጣን ነው፣ ውብም ነው። ሰዓትሽ ሠላሳ ሰከንድ ቀርቶ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ግን የማሽኑን ተጠቀሚ።

፯። ጥግ ላይ ቀስ በይ።

ስቴልሜት የሚባለውን ታውቂዋለሽ፤ ንጉሡ ቼክ አልተባለም፣ ግን የሚሄድበት የለውም፤ አቻ። በግንብና በንጉሥ ጨዋታ ይህ የሚሆነው አራቱ ጥጎች ላይ ብቻ ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ጥቁር ኤ8፣ ግንብሽ ቢ7፣ ንጉሥሽ ሲ6፤ ግንቡ ሁለቱንም መውጫ ዘግቷል፣ እሱም እንዳይበላ ይጠበቃል። ሁለተኛው፣ ጥቁር ኤ8፣ ንጉሥሽ ኤ6፣ ግንብሽ ቢ ዓምድ ላይ ከሩቅ ቆሞ። ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ሠርተሽ በዓይንሽ ያዢያቸው። ጥቁሩ ጥግ በገባ ቁጥር ጠጠር ከመንካትሽ በፊት "የት ይሄዳል?" በይና በጣትሽ ሳይሆን በዓይንሽ ቤቱን አሳዪው።

፰። ግንቡ ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን ከሆነ የራስሽ ንጉሥ ከግንቡ ጎን መሆን አለበት። ካልሆነ ግንቡን አርቂው። ግንቡ ከተበላ ሁለት ባዶ ንጉሦች ተያይተው ወደየቤታቸው ነው።

፱። ጠጠር ሞልቶ ሳለም የግንቡን ማት እዪ።

እስካሁን ያወራነው ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ነው። በአንቺ ደረጃ ግን ግንብ ብዙ ጊዜ ማት የሚያደርገው የባላጋራው የራሱ ወታደሮች አጥር ሲሆኑለት ነው። ጥቁር ንጉሥ ጂ8፣ ወታደሮቹ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7 ከተጀመረ ጀምሮ ያልተነኩ። ግንብሽ በክፍት ዓምድ ኢ8 ላይ ከደረሰና የሚበላው ወይም መሐል የሚገባለት ከሌለ አለቀ። በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1914 ካፓብላንካ በጥቁር ሲጫወት ኦሲፕ በርንስታይንን ያሸነፈበትን አንድ ቀን ፈልገሽ እዪው። ንግሥቱን ቢ2 ላይ እንካ ብሎ አስቀመጠለት። በርንስታይን በንግሥቱ ቢበላት የካፓብላንካ ግንብ ዲ1 ላይ ወርዶ ማት ነው፤ የነጩ ንጉሥ በገዛ ወታደሮቹ ታፍኗልና። ማቱ ሰሌዳው ላይ አልተደረገም፤ በርንስታይን አይቶት እጅ ሰጠ።

አንቺም እንዳትታፈኚ፣ ነገሩ ጋብ ባለ ጊዜ የኤች ወታደርሽን አንድ ቤት ግፊና ለንጉሥሽ መተንፈሻ ክፈቺለት። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ባላጋራሽ ማጥቃት ላይ ሳለ ያለ ምክንያት የተገፋ ወታደር ራሱ ቀዳዳ ይሆናል።

ከዚያ የግንብና የፈረስ ማት አለ፤ ከአረቦቹ ሻትራንጅ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ። ጥቁር ኤች8፣ ፈረስሽ ኤፍ6፤ ግንብሽ ኤች7 ገብቶ ማት። ፈረሱ ግንቡን ይጠብቃል፣ ጂ8ንም ይይዛል። በድሮው ሰንጠረዣችንም ያው ማት ነው፤ ሁለቱ ጠጠሮች አካሄዳቸው አልተለወጠም፤ ያጡት ሙገሳውን ብቻ ነው።

፲። ከሌላ ሰው ጋር፣ በሁለቱም ወገን ሆነሽ ተለማመጂ።

ስልክሽ ላይ ሊቼስ የሚባለው በነፃ ነው፤ የልምምድ ክፍሉ ውስጥ እነዚህን ማቶች ከማሽን ጋር ያጫውትሻል። ጥሩ ነው። ከወንድምሽ ጋር ግን ይሻላል፤ ለአንቺ ሦስት ደቂቃ፣ ለሱ ሦስት ደቂቃ፤ ስትጨርሺ ቦታ ተለዋወጡ። ባዶውን ንጉሥ መያዝ አይቅለልሽ። የሚያመልጠው ምን ሲያደርግ እንደሆነ የምታውቂው ያኔ ነው፤ መሐሉን አለቅም ይላል፣ ወደ ግንቡ እየተጠጋ ያዋክበዋል፣ ጫፍ ላይ ከተያዘ ደግሞ ከንጉሡ ፊት ለፊት ላለመቆም ይጠማዘዛል። በሱ ቦታ ሆነሽ አንዴ ካዋከብሽ፣ በሚቀጥለው ግንብሽን የት እንደምታርቂው ማንም እንዲነግርሽ አያስፈልግም።

የሚመጣው ውድድር ከመድረሱ በፊት አንዲት ጥያቄ። ንጉሥሽ ኤፍ6፣ ግንብሽ ኤ7፣ ጥቁሩ ጂ8፣ ተራው ያንቺ፤ በሦስት ተራ ማት። ጥቁሩ ሁለት መንገድ አለው፤ በአንደኛው ቶሎ ያልቃል፣ በሌላው ጥግ ይገባል። ጥግ ሲገባ ግንብሽ ጂ7 ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታይሻል፤ እዚያ ብታስቀምጪው ምን እንደሚሆን ጭምር ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። በወንድምሽ ስልክ ሆነ ባንቺ፣ ብቻ ለኮምፒዩተሩ ሳታሳዪ።